አዮኒክ፦ የኃይሌ ኤሌክትሪክ መኪናና የባትሪዋ ጣጣ

በሐምሌ 2012 ዓ.ም. አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ለጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አንዲት መኪና አስረከበ። ጭስ ማውጫ የላትም፤ ቤንዚንም ናፍጣም አታውቅም። የኃይሌ ኩባንያ ማራቶን ሞተር ኢንጂነሪንግ አዲስ አበባ ላይ የገጣጠማት ሀዩንዳይ አዮኒክ ነበረች፤ በኢትዮጵያ የተገጣጠመች የመጀመሪያዋ ሙሉ የኤሌክትሪክ መኪና። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ያን ጊዜ ለዜና የበቃችው ዓይነት መኪና ዛሬ መኪና መግዛት የሚያስብ ሁሉ የሚያስባት ሆናለች። ስለዚህ እንዴት እንደተሠራች ብቻ ሳይሆን ምን እንደገጠማትም ማወቅ ተገቢ ነው።

አዮኒክ በ2016 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ስትወጣ አንድ አካል ለሦስት ዓይነት መኪና እንዲያገለግል ተደርጎ ተነድፎ ነበር፦ በቤንዚንና በባትሪ ለምትሄደው ሃይብሪድ፣ ሶኬት ለምትሰካው ሃይብሪድ፣ እንዲሁም ለሙሉዋ ኤሌክትሪክ። የመጨረሻዋ የተሰጣት ባትሪ 28 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ስለነበር መሐንዲሶቹ ያላቸውን ኃይል ላለማባከን ተጨነቁ። ጀርባዋን ወደ ኋላ አንሸራተው የአየር መቋቋም መለኪያዋን 0.24 አደረሱት፤ የሞተር ክዳኗንም ከአሉሚኒየም ሠሩት። ድካማቸው ፍሬ አፈራ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የ2017 ሞዴሎችን ሲለካ በኃይል ቁጠባ አንደኛ የወጣችው እሷ ነበረች። በ2019 ባትሪዋ ወደ 38.3 ኪሎዋት ሰዓት፣ የሞተሯ ጉልበት ከ88 ወደ 100 ኪሎዋት አደገ፤ በአውሮፓውያን መለኪያም አንድ ጊዜ ተሞልታ 311 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ተባለ።

ይህን ቁጥር የጎጃም መንገድ ላይ አውጥቶ ማየት ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መራዊ ለመድረስ ግን ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ ዳንግላን አልፎ ከ500 በላይ መጓዝ ይጠይቃል። መሐል ላይ አባይ አለ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሲወረድ የከባድ መኪናዎች ፍሬን ይሸታል። የአዮኒክ ሾፌር ግን ከመሪው ጀርባ ባሉት ሁለት ማንሻዎች ሞተሩ መኪናዋን ምን ያህል እንዲይዛት ይመርጣል፤ ሞተሩ ሲይዛት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ኤሌክትሪኩም ወደ ባትሪው ይመለሳል። ወደ ደጀን ሲወጣ ሌላ ጥቅም ይታያል። የቤንዚን ሞተር ከፍታው ሲጨምርና አየሩ ሲሳሳ ይደክማል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያቃጥል ጉልበቱ አይቀንስም። ሆኖም ቁልቁለቱ የሚመልሰው ዳገቱ ከሚወስደው ያንሳል። ደብረ ማርቆስ ወይም ከዚያ በፊት ቆሞ ቻርጅ ሳያደርግ ወደ መራዊ የሚያስብ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል።

የመኪናዋ ትልቁ ፈተና ግን ከመንገድ ሳይሆን ከባትሪ ፋብሪካ ነው የመጣው።

ሀዩንዳይ ኮና የምትባል ሌላ የኤሌክትሪክ መኪናም ነበረችው፤ የሁለቱም ባትሪ የኤልጂ ሥራ ነው። በሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. በካናዳ ሞንትሪያል አንዲት ኮና ሰው ቤት ጋራዥ ውስጥ ቆማ ሳለ ፈነዳች፤ በሩን አሽቀነጠረችው፣ ጣሪያውንም ጎዳችው። በደቡብ ኮሪያም ኮናዎች እየተከታተሉ ተቃጠሉ። በጥቅምት 2020 ሀዩንዳይ ባለንብረቶችን ጠርቶ የባትሪውን መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር አደሰ፤ ባትሪ የሚቀየረው ምርመራው ችግር ካሳየ ብቻ ነበር። በጥር 2021 ግን ይህ እድሳት የተደረገላት ኮና ዴጉ ከተማ ውስጥ ተቃጠለች።

የካቲት 24 ቀን 2021 የኮሪያ የመሬት፣ የመሠረተ ልማትና የትራንስፖርት ሚኒስቴር የምርመራውን ውጤት ተናገረ። ቻይና ናንጂንግ በሚገኘው የኤልጂ ፋብሪካ በተሠሩ አንዳንድ ሴሎች ውስጥ ከአሉታዊው ዋልታ የሚወጣው ስስ ብረት ታጥፎ ተገኝቷል። በታጠፈው ቦታ ሊቲየም ይጠራቀምና ከአዎንታዊው ዋልታ ጋር ሲነካካ ውስጥ ለውስጥ ኮንታክት ሊፈጥር፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ሶፍትዌር የታጠፈ ብረት ሊያቃና አይችልም፤ የመጀመሪያው መፍትሔ ከምክንያቱ በፊት የተቸኮለ ነበር። ስለዚህ በመላው ዓለም 81,701 ተሽከርካሪዎች ሙሉ ባትሪያቸው እንዲቀየር ተጠሩ፦ 75,680 ኮናዎች፣ 305 አውቶቡሶች፣ እንዲሁም 5,716 አዮኒኮች። ወጪው ወደ አንድ ትሪሊዮን የኮሪያ ዎን ተገመተ። ተራቸው እስኪደርስ ባለንብረቶች ከ90 በመቶ በላይ ቻርጅ እንዳያደርጉ ተመከሩ።

ውድ መኪና የገዛም ከእንዲህ ያለ ጥሪ አላመለጠም፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ሀዩንዳይ አሜሪካ ውስጥ 98,878 መኪናዎችን ሲጠራ የቅንጦት ብራንዱ የጀነሲስ ኤሌክትሪክ ሴዳን ጂ80 ከነሱ መካከል ነበረች። የቻርጅ መቆጣጠሪያው ሲበላሽ ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ መሞላቱን ያቆማል፤ መኪናዋም እየሄደች ጉልበት ልታጣ ትችላለች። በዚያው ዓመት ኅዳር ጥሪው ሰፍቶ 145,235 መኪናዎችን ያዘ።

ኩባንያ ስህተቱን አምኖ መኪና ሲጠራ ሊወቀስበት አይገባም፤ የሚያስፈራው ጥሪው የማይደርሰው ባለንብረት ነው። የባትሪ ሴሎቹ የተሠሩበት ጊዜና ፋብሪካ የተለያየ ስለሆነ፣ አንዲት መኪና ከተጠሩት መሆን አለመሆኗን የሚለየው 17 ፊደልና አኃዝ ያለው የሻንሲ ቁጥሯ ነው። ሴኡል ውስጥ ኩባንያው በዚህ ቁጥር ባለቤቱን ያገኘዋል። ከቻይና ወይም ከዱባይ በነጋዴ ገብታ፣ አዲስ አበባ ተሸጣ፣ ቡሬ ባለቤት ቀይራ መራዊ የደረሰች መኪና ግን አምራቿ የመጨረሻ ገዢዋን አያውቀውም።

የሻንሲ ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ሰፍሯል። መኪናውም በየዓመቱ ለቦሎ ይመረመራል። በዚያ ቀን ፍሬንና መብራት ሲታይ ቁጥሩም ከአምራቾች የጥሪ ዝርዝር ጋር ቢመሳከር፣ ጥሪው ፍኖተ ሰላም ድረስ የሚዘልቅበት መንገድ ይከፈታል። ይህ እስኪሆን ድረስ ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው ስለ ኪሎ ሜትሯ ከመጠየቁ በፊት የፊት መስታወቷ ሥር ያለውን ቁጥር ይጻፍ፤ አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ወይም ወኪሉ ዘንድ ያስመርምረው፤ ተጠርታ ከሆነም ባትሪዋ የተቀየረበትን ወረቀት ሳያይ ቀብድ አይስጥ።