የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ራሳቸውን ለመንከባከብ ያላቸው መተማመን እንዴት ይለካል?

ኮቪድ-19 መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ በርካታ የጤና ተቋማት የረጅም ጊዜ ሕመም ያለባቸውን ታካሚዎች ቀጠሮ አራዝመው ነበር፤ የሁለትና የሦስት ወር መድኃኒትም በአንድ ጊዜ ይሰጡ ነበር። ይህ አሠራር ታካሚውን ከተጨናነቀ ስፍራ ያርቀው ነበር። በአንጻሩ ቀድሞ ባለሙያ ይከታተለው የነበረውን የእግር እብጠትና የክብደት ለውጥ ያን ጊዜ ታካሚው ራሱ በቤቱ መከታተል ግድ ሆኖበት ነበር። ስለዚህ «ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃልን?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «አደርገዋለሁ ብሎ ይተማመናልን?» የሚለውም ሊነሣ ይገባል።

ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ አይደሉም። ጨው እንዲቀንስ የተመከረ ሰው ምክሩን በቃሉ ሊደግመው ይችላል። ሽሮውና በርበሬው ከነጨው ተዘጋጅቶ ከተቀመጠ፣ ወጡም ለቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ድስት የሚሠራ ከሆነ ግን ምክሩን እፈጽማለሁ ብሎ መተማመን ሌላ ጉዳይ ነው።

ለልብ ድካም ታካሚዎች በስፋት ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ ባርባራ ሪግልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ነው። መጠይቁ የዕለት ተዕለት ጥንቃቄን፣ ምልክት ሲታይ የሚወሰድን እርምጃና መተማመንን ለየብቻ ይለካል። በመተማመን ክፍሉ ታካሚው የሕክምና ምክርን ስለ መከተል፣ በጤናው ላይ የመጣን ለውጥ ስለ መለየት፣ ምልክቱን ለማስታገስ አንድ ነገር ስለ ማድረግና ያደረገው ነገር መሥራቱን ስለ መገምገም ይጠየቃል። ውጤቱ ከ0 እስከ 100 የሚሰላ ሲሆን 70ና ከዚያ በላይ በቂ ተደርጎ ይወሰዳል።

በቤት ውስጥ ይህን ያህል ስሌት አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ ተግባር ከ0 እስከ 10 ቁጥር መስጠት ይበቃል። «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው ቁጥር ለመጥራት የሚቸገሩ አረጋውያንን በአሥር ጣቶቻቸው እንዲያሳዩ መጠየቅ ይቻላል። ዋናው ነገር በጅምላ አለመጠየቅ ነው። አንድ ሰው መድኃኒቱን በሰዓቱ ለመውሰድ 9 ሊሰጥና፣ ክብደቱ በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ቢጨምር ለባለሙያ ለመደወል ግን 4 ሊሰጥ ይችላል። የሁለቱ አማካይ ድክመቱን ይሸፍነዋል። ቁጥሩ ከ7 በታች ሲሆን «ከፍ እንዲል ምን ያስፈልጋል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ ስልክ ቁጥሩ አልተጻፈም፣ ወይም በቤቱ ሚዛን የለም። ሚዛን ያለው ሰው ጠዋት ከሽንት በኋላና ከቁርስ በፊት ይመዘን። የሌለው ደግሞ የቅልጥሙን ፊት በአውራ ጣት ተጭኖ ጉድጓድ መቅረቱን፣ ጫማው መጥበቡን፣ ለመተኛት የሚያስፈልገው ትራስ መጨመሩን ይመልከት።

ከፍ ያለ ቁጥርም ሁልጊዜ አያስተማምንም። በይሉኝታ 10 የሚል ብዙ ነው። «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ተመዘኑ?» የሚለው ጥያቄ እውነቱን ያወጣዋል።

በተለይ የትንፋሽ ማጠር ጥንቃቄ ይሻል። ምልክቱ ከልብ ድካምም ከኮቪድ-19ም ሊመጣ ስለሚችል፣ «መንስኤውን በራሴ እለየዋለሁ» የሚል መተማመን አደገኛ ነው። ሊለካ የሚገባው ሳይዘገዩ እርዳታ የመጠየቅ መተማመን ነው። በእረፍት ላይ ሳሉ ትንፋሽ ካጠረዎ፣ የማይለቅ የደረት ሕመም ካለዎ ወይም ራስዎን ከሳቱ፣ ቫይረሱን በመፍራት ቤት አይቆዩ፤ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርገው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባቸው ወጣቶች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አላቸው፦ «የሐኪም ቀጠሮዬ ቢራዘምም በየአራት ሳምንቱ የምወስደውን የፔኒሲሊን መርፌ ቀኑን ሳላሳልፍ እወጋለሁን?» ለዚህ የተሰጠው ቁጥር ዝቅተኛ ከሆነ፣ መርፌውን በቅርብ ጤና ጣቢያ ስለሚያገኙበት መንገድ ቀኑ ሳይደርስ ክትትል የሚያደርግላቸውን ባለሙያ ያነጋግሩ።