ያውቁ ኖሯል? ነጭ ሳርና የአንድ ክንፍ ወፍ

የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ስም የወጣው ከሜዳው ሣር ነው። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ግን ሜዳው ከሩቅ ነጥቶ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመው ይህ ፓርክ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። የአባያና የጫሞ ሐይቆች ከፊል ውኃም በክልሉ ውስጥ ነው። ሐይቆቹን የሚለየው ከፍታ «የእግዜር ድልድይ» ይባላል።

ለአርባ ምንጭ ከተማ ስም የሰጧት ምንጮች የሚፈልቁት እዚሁ ፓርክ ውስጥ ነው። በሥራቸው ያለው ጥቅጥቅ ደን ዓመቱን ሙሉ ለምልሞ የሚከርመው ከዝናቡ ይልቅ በእነሱ ውኃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች የነጭ ሳርን ሜዳ በሚያቋርጠው መንገድ ላይ መኪና የገጨው ወፍ ሞቶ አገኙ። በሌሊት ነፍሳት እያደኑ ከሚኖሩት ወፎች ወገን ነው። ገላው ፈራርሶ ስለነበር ለጥናት የተረፈው አንድ ክንፍ ብቻ ሆነ። ክንፉን ወደ እንግሊዝ ወስደው ከሙዚየም ናሙናዎች ጋር ቢያስተያዩት ከአንዱም አልገጠመም። እ.ኤ.አ. በ1995 አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ፤ ሳይንሳዊ ስሙም ካፕሪሙልገስ ሶላላ ሆነ። «ሶላላ» ከላቲን የተቀነባበረ ሲሆን «ብቸኛ ክንፍ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ወፍ አጥኚዎች ሌሊት ሜዳውን አስሰው ወፉን በሕይወት እንዳዩት ዘግበዋል። ከነጭ ሳር ውጭ መኖሩ እስካሁን አልታወቀም። 

በጫሞ ዳርቻ አዞዎች ተሰብስበው ፀሐይ የሚሞቁበት ስፍራ «አዞ ገበያ» ይባላል። የአዞ ጫጩት ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው እንቁላሉ አሸዋ ውስጥ ባገኘው ሙቀት ነው።

በፓርኩ ሜዳ የሚግጠው የሜዳ አህያ ዥንጉርጉር መስመር ደግሞ ዝንብ ያስታል። ተመራማሪዎች ፈረሶችን ተመሳሳይ መስመር ያለው ልብስ ሲያለብሷቸው የሚያርፍባቸው ዝንብ እጅግ ቀነሰ። የገንዲ በሽታን በሚያስተላልፍ ዝንብ በሚታወቅ ቆላ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

የስዌይን ቆርኬ የተባለው ሣር በል የዱር እንስሳ ቀድሞ በሶማሊያ ሜዳዎችም ይኖር ነበር፤ ዛሬ የቀረው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ቆርኬዎች ሰንቀሌ ከተባለ ስፍራ ተይዘው ወደ ነጭ ሳር ተዛወሩ። ከጊዜ በኋላ ግን የከብት ግጦሽ በዛ፣ ቁጥቋጦውም ሣሩን እየወረሰ ሄደ፤ ቆርኬዎቹም በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ። ስፋቱ የነጭ ሳርን አንድ አሥረኛ ገደማ በሚሆነው የሰንቀሌ መጠለያ ግን ዛሬም በመቶዎች የሚቆጠሩ ቆርኬዎች ይግጣሉ።