ወደ አጋሮ ለሚወጣ ሹም

ጅማን የሚጐበኝ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ በጅሬን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይቶ ይመለሳል። የቡናን ነገር መመርመር የሚሻ ግን 45 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ተጕዞ አጋሮ መድረስ ይገባዋል።

የጅማ ቡና ከነቅርፊቱ በፀሐይ ደርቆ ሲሸጥ ብዙ ዘመን ኖሯል፤ ጥሬውና የበሰለው አብሮ ተለቅሞ በመሬት ላይ ሲሰጣ ግን የአፈር ሽታ ይይዛልና ዋጋው ይወድቃል። በአጋሮ አጠገብ ያለው የዱሮሚና የገበሬዎች ማኅበር ቀይ እሸት ብቻ ለቅሞ፥ አጥቦ፥ በአልጋ ላይ አድርቆ፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2012 በዳኞች ፊት የአፍሪቃ ምርጥ ቡና ተባለ። ዛፉም አፈሩም የቀድሞው ነው፤ የተለወጠው የእጅ ሥራው ነው።

ስለዚህ ሹም ወደ ገጠር ሲወጣ አስቀድሞ የሚመለከተው የቡናውን ስጥ ይሁን፤ የገበሬው የዓመት ድካም የሚከብረው ወይም የሚረክሰው በዚያ ነውና።