ጥይት መሙያው ማሽን ሲያረጅ

ጥይት ሲተኮስ ተፈናጥሮ የሚወድቀው የናስ ቀለህ ለብዙ ሰው ውዳቂ ብረት ነው። ለአሜሪካ ዒላማ ተኳሾችና አዳኞች ግን ለቅመው፣ አጥበው ደጋግመው የሚሞሉት ንብረት ነው። የተተኮሰውን ካፕሱል፣ ማለትም ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን ክፍል ያወጣሉ፤ በግፊቱ የሰፋውን ቀለህ ወደ ልኩ ይመልሳሉ፤ አዲስ ካፕሱል፣ ባሩድና አረር ይገጥሙለታል። ሥራው ሁሉ የሚያልቀው ጋራዥ ውስጥ ከጠረጴዛ ጋር በታሰረ የእጅ ማሽን ነው። ለራሱ የሚሞላ ሰው የፌዴራል ፈቃድ አይጠየቅም፤ ሠርቶ የሚሸጥ ግን ይጠየቃል።

የማሽኑ አካል በቀላሉ አያልቅም፤ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። የሚያልቁት መርፌው፣ ሞላው፣ ትንንሾቹ የፕላስቲክ ክፍሎች ናቸው። አስጊዎቹም እነሱ ናቸው። ትልቁ ክፍል ሲሰበር ሥራው ይቆማል፤ ትንሹ ሲያልቅ ግን ማሽኑ መሥራቱን ይቀጥልና የተበላሸ ጥይት ያወጣል።

ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትሰበረው አሮጌውን ካፕሱል ገፍታ የምታወጣው መርፌ ናት። በአሜሪካ የተለመደው፣ ቦክሰር የሚባለው ቀለህ መሀሉ ላይ አንድ ቀዳዳ አለው፤ መርፌዋ በእሱ ትሾልካለች። በብዙ የሶቪየት ዓይነት የጦር ሠራዊት ጥይቶች የሚገኘው በርዳን ግን ከመሀል ወጣ ያሉ ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። የሚገርመው ስማቸው የተሰጣቸው ፈልሳፊዎች፣ ቦክሰር እንግሊዛዊ፣ በርዳን ደግሞ አሜሪካዊ መሆናቸው ነው። ሁለቱ ሳይለዩ ከተቀላቀሉ መርፌዋ ድፍን ብረት ትመታለች፤ ትጎብጣለች ወይም ትሰበራለች። መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ስለሆነ የጎበጠችውን ማቃናት ድካም ብቻ ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች ቀለሁን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ እያዩ ይለያሉ፤ ትርፍ መርፌም ከመሳቢያቸው አይጠፋም።

ቀለህ በዳይ ውስጥ ተቀርቅሮ ሲቀር ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዳይ ቀለሁን ጨምቆ ወደ ልኩ የሚመልሰው ብረት ነው። አንገቱ የጠበበ የጠመንጃ ቀለህ ቅባት ሳይነካው ከገባ እዚያው ይቀረቀራል፤ በኃይል ሲጎተት የታችኛው ጠርዙ ይቀደድና ቀሪው ውስጥ ይቀራል። መፍትሔው የቀለሁን ቂጥ መብሳት፣ ጥርስ ማውጣትና ቡሎን አስገብቶ በመፍቻ ቀስ እያሉ መሳብ ነው። በብረት ዘንግና በመዶሻ የሚታገል ሰው የዳዩን ውስጥ ሊቧጭረው ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያልፈው ቀለህ ሁሉ ጭረቱን ይዞ ይወጣል። ለቀጥ ያሉ የሽጉጥ ቀለሆች የተንግስተን ካርባይድ ቀለበት ያለው ዳይ ቅባት ስለማይፈልግ ችግሩን አቅልሎታል።

ማሽኑን ሳይታይ የሚበላው ግን ከተተኮሰው ካፕሱል የሚራገፈው ጥቁር ብናኝ ነው። ከግሪስ ጋር ተለውሶ ከፍ ዝቅ የሚለውን ዘንግ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፤ ዘንጉም ውሎ አድሮ ይላላል። አሮጌውን ግሪስ ጠርጎ አዲስ በስሱ መቀባት ይበቃል። በብናኙ ውስጥ እርሳስ ስላለ ጓንት አድርጎ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግና እህል ከመንካት በፊት መታጠብ ግድ ነው። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ከማሽኑ ደህንነት ይቀድማል።

ባሩድ የሚሰፈርበት ክፍል ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይሻል። መለኪያው ግሬን ነው፤ አንዱ ግሬን 64.8 ሚሊግራም ይመዝናል፤ ሞዪዎቹ የሚቆጣጠሩት ደግሞ የዚያን አንድ አሥረኛ ነው። የሚዛኑ ክንድ በሚያርፍበት ስለት ላይ የተቀመጠ ቅንጣት አቧራ ልኩን ያዛባል፤ ስለዚህ ክብደቱ በታወቀ መመዘኛ ይፈተሻል። በተለይ ናይትሮግሊሰሪን ያለበት ባሩድ በፕላስቲክ መያዣው ውስጥ ሲያድር ፕላስቲኩን ይበላዋል። ዘይት ወደዚህ መቅረብ የለበትም፤ ባሩዱንም ካፕሱሉንም ያበላሻል። በቦታው ደረቅ ግራፋይት ይገባል።

እጀታው በተሳበ ቁጥር አንድ የተጠናቀቀ ጥይት የሚያወጣው ፈጣን ማሽን ቀለሆቹን ከአንዱ ዳይ ወደ ሌላው የሚያዞር ሳህን አለው። አዟሪው ክፍል አልቆ ሳህኑ መንገድ ላይ ሲቀር ሠራተኛው ግራ ተጋብቶ እጀታውን ይደግመዋል። ያኔ አንዱ ቀለህ እጥፍ ባሩድ ሊወስድ፣ ሌላው ባዶውን ሊያልፍ ይችላል። እጥፉ መሣሪያውን ሊሰነጥቅ ይችላል። ባዶውም ከዚያ አያንስም፦ ካፕሱሉ ብቻውን አረሩን ገፍቶ አፈሙዙ ውስጥ ይወትፈዋል፤ ከኋላ የሚመጣው ጥይት ደግሞ አፈሙዙን ሊቀድደው ይችላል።

ስለዚህ ጥገናው የሚጀመረው ባሩዱንና ካፕሱሉን ሙሉ በሙሉ ከማሽኑ አውጥቶ፣ የዓይን መከላከያ አጥልቆ ነው። አዲሱ ክፍል ከተገጠመ በኋላ ማሽኑ በባዶ ቀለህ ብቻ ይዞራል፤ ከዚያ ባሩድ ይገባና የመጀመሪያዎቹ ስፍሮች አንድ በአንድ ይመዘናሉ። ይህን ዘልሎ በቀጥታ ወደ ሥራ መግባት ፍጹም ተገቢ አይደለም።

የቆዩ ማሽኖች ዛሬም የሚጠገኑት የዳይ ጥርስ መለኪያ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው፦ ስፋቱ ሰባት ስምንተኛ ኢንች፣ በኢንች 14 ጥርስ። የአንዱ ፋብሪካ ዳይ ለሌላው ማሽን ይገጥማል። ፍሬድ ሀንቲንግተን እ.ኤ.አ. በ1943 በኦሮቪል፣ ካሊፎርኒያ የጀመረው አርሲቢኤስ የተባለው አምራች የተነሣው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት አረር ከገበያ በጠፋበት ወቅት፣ ከተተኮሱ ባለ 22 ካሊበር ቀለሆች የአረር ልባስ በሚሠራ ዳይ ነበር። አውሮፕላን አብራሪ የነበረው ማይክ ዲለን በአሪዞና ያቋቋመው ዲለን ፕሪሲዥን ደግሞ ለግል ተጠቃሚ በሠራቸው ማሽኖች ላይ የዕድሜ ልክ ዋስትና ሰጥቷል። ማሽኑን ከሌላ ሰው እጅ የገዛ ሰውም ያለቀውን ክፍል ሲጠይቅ በነፃ ይላክለታል።