የአትክልት ትራክተር የዘይት ካምቢዮ መቼ ይታደሳል?

አሮጌ መኪና ለማደስ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው፣ የትኛውን ክፍል መፍታት፣ የትኛውንስ ሳይነኩ መተው እንደሚሻል ነው። ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በትናንሽ የአትክልት ትራክተሮች ላይ በሚገኘው በዘይት ግፊት በሚሠራው ካምቢዮ ነው። ይህ ክፍል ያለ ምክንያት ቢፈታ ደኅና የነበረው ይበላሻል፤ መፈታት ሲገባው ቢተው ደግሞ ለሞተሩ፣ ለጎማውና ለቀለሙ የወጣው ገንዘብ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፣ እንደ ካረንና እንደ ሙታይጋ ባሉ ሰፋፊ ግቢዎች በሚገኙባቸው ሰፈሮችና በጎልፍ ሜዳዎች፣ ሣር ለማጨድና ጋሪ ለመጎተት እንዲህ ያሉት ትራክተሮች ያገለግላሉ። አዲስ መግዛት ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቅ አሮጌውን ማደስ የብዙ ባለቤቶች ምርጫ ነው።

የዚህ ካምቢዮ ብልሃት በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የጦር መርከብ መድፎችን ለማዞር ያገለገለ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከብ ካዴት በተባለው ትንሽ ትራክተሩ ላይ አግብቶታል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ሞተሩ አንድ ፓምፕ ያዞራል፤ በፓምፑ ውስጥ በክብ የተደረደሩ ትናንሽ ፒስቶኖች በአንድ ሳህን ላይ ይንሸራተታሉ። ሳህኑ ቀጥ ብሎ ሲቆም ዘይት አይገፋም፣ ትራክተሩም ይቆማል፤ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ወደ ፊት፣ ወደ ሌላው ሲያዘነብል ወደ ኋላ ይሄዳል። የተገፋውም ዘይት ሁለተኛውን ክፍል፣ ማለትም የዘይቱን ሞተር አዙሮ ጎማዎቹን ያንቀሳቅሳል። እንግዲህ ኃይሉ ሁሉ የሚያልፈው በዘይት ስለ ሆነ፣ በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ መሆን አለበት። ብረቱ ሲበላ ዘይቱ ወደ ኋላ ያመልጣል፤ ዘይት ሲሞቅ ስለሚቀጥንም ማምለጡ ይብሳል። ጧት ቀዝቅዞ ሳለ ደኅና የሚጎትት፣ ከሰዓታት ሥራ በኋላ ግን ዳገት የሚያቅተው ትራክተር ምልክቱ ይህ ነው።

ነገር ግን ድካም ሁሉ የካምቢዮ ድካም አይደለም። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሩ በመሳሳቱ ተራ የቤንዚን ሞተር ከኃይሉ ስድስተኛውን እጅ ያህል ያጣል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው በአዲስ አበባ ደግሞ ጉድለቱ ወደ አራተኛው እጅ ይጠጋል። ስለዚህ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ዳገት ላይ ሞተሩ እያቃሰተ ዙሩ ከወረደ ድካሙ የሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ሳይጨነቅ እየጮኸ ጎማዎቹ ብቻ ከቆሙ ግን ኃይሉ በመካከል እየጠፋ ነው።

ያን ጊዜም ቢሆን ወዲያው መፍታት አይገባም። በቅድሚያ የዘይቱ ልክ፣ ፊልትሮው፣ የላላ ቺንጊያ፣ የተጣበቀ ፍሬንና የመቆጣጠሪያው ዘንግ መስተካከል ይመርመር። ሞተር ጠፍቶ ትራክተሩን ለመግፋት የሚከፈተው ቫልቮላም ሳይዘጋ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቶበታል፤ ቢቃጠል ይሸታል። እነዚህ ከታረሙ በኋላ የመጋቢው ፓምፕ ግፊት በመለኪያ ይታይና ከአምራቹ መጽሐፍ ጋር ይነጻጸር። በግፊት የሚረጭ ዘይት ቆዳ በስቶ ስለሚገባ፣ የሚያፈስበትን ቦታ በጣት መፈለግ እጅግ አደገኛ ነው።

ከምርመራው በኋላ ውሳኔው በሦስት ይከፈላል። በብርድም በሙቀትም የሚሠራ ካምቢዮ ዘይቱና ፊልትሮው ተለውጦ ሳይፈታ ይተው፤ ዕድሜው ብቻ ለመፍታት ምክንያት አይሆንም። ኃይሉ ደኅና ሆኖ ወደ ውጭ የሚያፈስ ከሆነ ጎማዎቹና ጓርኒሲዮኑ ብቻ ይለወጡ። ሲሞቅ የሚደክም ከሆነ ግን ይፈታ፤ ዘይት በሚያከፋፍለው ገጽ ላይ ጥፍር ሲሄድ የሚይዘው ጭረት ከተገኘ፣ አዲስ ጎማ ማግባት ገንዘብ ማባከን ነው። የሚሽከረከሩት ክፍሎች በሙሉ ሊለወጡ ይገባል፤ የእነርሱ ዋጋ ከሌላ ያገለገለ ሙሉ ካምቢዮ ዋጋ ከበለጠም ሁለተኛውን መግዛት ይሻላል። ይሁን እንጂ ያገለገለው ሳይሞቅ ተፈትኖ እንዳይገዛ መጠንቀቅ ያሻል።

በናይሮቢ የመኪና መለዋወጫ በኪሪንያጋ መንገድ ሲፈለግ፣ የብረት ሥራው ደግሞ በካሙኩንጂ ባሉ «ጁአ ካሊ» በተባሉ ሠራተኞች እጅ ይገኛል። ትርጓሜው በስዋሂሊ «የሚያቃጥል ፀሐይ» ሲሆን፣ በሜዳ ላይ በመሥራታቸው የተሰጠ ስም ነው። በ1985 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ፕሬዚዳንት ሞይ ጎብኝተዋቸው የሥራ ጥላ እንዲሠራላቸው ተስፋ ሰጥተዋል። ችሎታቸው የተመሰከረ ቢሆንም፣ ለዚህ ካምቢዮ ጠላቱ የእጅ ጉድለት ሳይሆን አቧራ ነው። የናይሮቢ ቀይ አፈር አንዲት ቁንጣሪ ብትገባ አዲሱን ብረት ትፍቀዋለች። ስለዚህ ተሸከርካሪው ከመፈታቱ በፊት ታጥቦ፣ ሥራው በተዘጋ ክፍል በንጹሕ ጨርቅ ላይ ሊከናወን ይገባል።

ጊዜውም ሊታሰብ የሚገባው ነው። ረጅሙ ዝናም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሚዘንብ፣ ሣሩ ሳይነሣ ምርመራው በጥርና በየካቲት ቢጠናቀቅ፣ ባለቤቱ ከባሕር ማዶ የሚታዘዘው ዕቃ በሞምባሳ ወደብ በኩል እስኪደርስ ድረስ ወቅቱ አያልፍበትም። አስቀድሞ የመረመረ ገንዘቡን ያተርፋል፤ ሳይመረምር የፈታ ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።