ዋናው ሲጠፋ የሚተርፈው ቅጂ

ስልክ ሲሰረቅ ወይም ውሃ ሲገባው ሰው መጀመሪያ የሚቆጨው ለዋጋው ነው። ውሎ ሲያድር ግን ቁጭቱ ወደ ሌላ ይዞራል፦ የእናት የመጨረሻ ፎቶ፣ ልጅ መዳህ ሲጀምር የተቀረጸ ቪዲዮ፣ በስልክ ካሜራ የተነሣ የቤት ካርታ፣ የዲግሪ ኮፒ፣ ለዓመታት የተጠራቀመ የስልክ ቁጥር። ስልኩን ገንዘብ ይተካዋል። እነዚህን የሚተካቸው አስቀድሞ የተቀመጠ ቅጂ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው «ባክአፕ አለኝ» ይላል። የት እንደሆነ ሲጠየቅ አንዱ ጎግል ፎቶስ፣ ሌላው ቴሌግራም፣ ሌላው መሳቢያ ውስጥ ያለ ፍላሽ ይላል። የሦስቱ አሠራር ለየቅል ነው፤ ጉድ የሚያደርጉበትም መንገድ እንዲሁ። ሁሉንም ለመመዘን አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ዋናውን ያጠፋው ነገር ቅጂውንም ሊደርስበት ይችላል ወይ? ከቻለ፣ ሁለት ቦታ ቢታይም በእጅዎ ያለው አንድ ነው።

ፋይል «ጠፋ» ሲባል ውስጥ ምን ይሆናል? በኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ ላይ ፋይል ሲሰረዝ፣ በመዝገብ ቤት ማህደሩ መደርደሪያው ላይ እያለ ስሙ ብቻ ከመዝገቡ እንደሚፋቅ ነው። ቦታው ባዶ ተብሎ ስለተመዘገበ ሌላ ፋይል እስኪያርፍበት ድረስ አሮጌው እዚያው አለ። «የተሰረዘ እንመልሳለን» የሚሉ ባለሙያዎችና ፕሮግራሞች የሚሠሩት በዚህ ክፍተት ነው። ስለዚህ በስህተት የሰረዘ ሰው ኮምፒዩተሩን መጠቀም ወዲያው ማቆም አለበት። የሚጨምረው እያንዳንዱ አዲስ ፋይል በአሮጌው ላይ የማረፍ ዕድል አለው።

ስልክ ላይ ግን ይህ ክፍተት ተዘግቷል ማለት ይቻላል። ድሮ የሞተ ስልክ ተፈቶ፣ ሜሞሪው ተነቅሎ፣ ውስጡ ይነበብ ነበር። አሁን የሚሸጡ ስልኮች የሚያስቀምጡትን ሁሉ ይመሰጥራሉ፤ የምስጢሩ ቁልፍም ከዚያው ስልክ ቺፕ ጋር የተቆራኘ ነው። ሜሞሪውን ለብቻው ነቅሎ ያነበበ ሰው የሚያገኘው ትርጉም የሌለው የቁጥር ክምር ነው። ይህ ለሌባ ክፉ፣ ለባለቤቱ ደግ ዜና ነው፤ ነገር ግን የስልኩ ቦርድ ከተቃጠለ ባለቤቱም ከሌባው እኩል ውጭ ይቀራል። «ቢበላሽም ጠጋኝ ያወጣልኛል» የሚለው ተስፋ ከአሮጌ ስልኮች ጋር አብሮ እያለፈ ነው።

ወደ ጎግል ፎቶስ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ። ይህ አገልግሎት ፎቶውን ወደ ኩባንያው ሰርቨር ይልካል፣ ከዚያም በስልኩና በሰርቨሩ ያለው አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲቆይ ያደርጋል። ስልክዎ ሲሞላ «ሰርቨር ላይ አለልኝ» ብለው መተግበሪያውን ከፍተው ፎቶ ከሰረዙ፣ ትእዛዙ ወደ ሁለቱም ይሄዳል። ፎቶው ቅርጫት ውስጥ 60 ቀን ይቆይና ይጠፋል። የአይፎኑ አይክላውድ ፎቶስም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ የሚያቆየው ግን ለ30 ቀን ያህል ነው። ስልኩን ብቻ ለማቅለል ጎግል ፎቶስ ውስጥ ለዚሁ የተዘጋጀ «ቦታ አስለቅቅ» የሚል ትእዛዝ አለ፤ ሰርቨሩ ላይ መድረሱን እያረጋገጠ ከስልኩ ብቻ ያነሣል። ትንሽ የሚመስል ልዩነት ነው፣ የስንት ዓመት ፎቶ ግን ያስቀራል ወይም ያስጠፋል።

ስለዚህ ሰርቨሩ ከስርቆትና ከመሰበር ያድናል፣ ከራስ እጅ ግን አያድንም። በዚያ ላይ ወሰን አለው። ከጁን 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጎግል ላይ የሚገባ ፎቶ ሁሉ ከነፃው 15 ጊጋ ባይት ላይ ይቆጠራል፤ ይኸው 15 ጊጋ ለኢሜይልም ጭምር ነው። የአፕል ነፃ ቦታ 5 ጊጋ ብቻ ነው። ሲሞላ ድምፅ ሳያሰማ መላክ ያቆማል፤ ማስጠንቀቂያውን ያላየ ሰው ከዚያ ቀን ወዲህ ያነሣው ሁሉ ስልኩ ላይ ብቻ እንዳለ አያውቅም። ዛሬ ማታ የመጨረሻው የተላከ ፎቶ የመቼ እንደሆነ ይመልከቱ።

ቴሌግራምን መጋዘን ያደረገው ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም፣ ምክንያቱም ነፃ ነው፤ «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ የወረወሩትን ከየትኛውም ስልክ ያገኙታል። ችግሩ፣ ፎቶን በተለመደው መንገድ ሲልኩ መተግበሪያው ያሳንሰዋል። 4000 በ3000 ነጥብ የነበረው ፎቶ 1280 በ960 ሆኖ ቢደርስ ከአሥር ነጥቦች የተረፈው አንድ ገደማ ነው። ስልክ ላይ አይታወቅም። ለሙት ዓመት ተለቅ አድርገው ሊያሳትሙት ሲሄዱ ግን ፊቱ ይደበዝዛል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ «ፎቶ» በሚለው ፋንታ «ፋይል» ብለው ይላኩት፤ እስከ 2 ጊጋ ድረስ እንዳለ ይሄዳል።

አሁን ፍላሽ። ከሁሉ በላይ የምሰጋው ስለዚህ ዕቃ ነው፣ ምክንያቱም የሰርግ ቪዲዮአችን ያለው እሱ ላይ ነው። ፍላሽ መረጃ የሚይዘው በጣም ጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ የኤሌክትሪክ ቻርጅ አምቆ ነው። ቻርጁ በጊዜ ብዛት ይሾልካል፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ርካሽ ፍላሽ ሳይሰካ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ ውስጡ ያለው ሊበላሽ ይችላል። ከፎቶ ቤት የተሰጠው ፍላሽ ማስረከቢያ ዕቃ ነው፤ በሳምንቱ ወደ ሃርድ ዲስክ ይገልበጥ። ቪዲዮው «አልገለበጥም» ቢል አይደንግጡ፦ ፋት32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ዲስክ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ውስጡ ያለውን አውጥተው በኤክስፋት ፎርማት ሲያደርጉት ይቀበላል።

የከፋው ግን ሐሰተኛው ፍላሽ ነው። ላዩ ላይ 2 ቴራ ባይት ተጽፎበት ከትክክለኛው ዋጋ እጅግ ባነሰ ይሸጣል። ሲሰኩት ኮምፒዩተሩም 2 ቴራ ብሎ ያነበዋል፤ ውስጡ ያለችው ትንሿ መቆጣጠሪያ ቺፕ እንደዚያ ብላ እንድትመልስ ተደርጋ ተሠርታለችና። እውነተኛው ሜሞሪ 32 ጊጋ ሊሆን ይችላል። እስከ 32 ድረስ የሚገለብጡት በትክክል ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ የሚገባው ወይ ቀድሞ በገባው ላይ ይጻፋል ወይ የትም አይደርስም። የሚያታልለው፣ የፋይሎቹ ስምና መጠን አንድም ሳይጎድል መታየቱ ነው። ሲከፍቷቸው ግን የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ደህና ናቸው፤ ወደ ታች ሲወርዱ አንዱ ግማሹ ሙሽሮቹን፣ ግማሹ ግራጫ ያሳያል፤ ከዚያ በታች ያሉት ጭራሽ አይከፈቱም። አዲስ ፍላሽ ወይም ዲስክ ሲገዙ ዋናው ሌላ ቦታ ባለ ፋይል እስከ አፉ ይሙሉት፣ ይንቀሉት፣ መልሰው ሰክተው መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ ላይ ያሉትን ይክፈቱ። ኤፍ3 የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህንኑ በራሱ ይሠራል።

ብዙ ፎቶ ለማስቀመጥ ለቤት የሚበጀው ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ነው። ውስጡ ሳህን አለ፤ በአብዛኞቹ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይሽከረከራል፣ አንባቢው ራስ ደግሞ ሳይነካው በጥቂት ናኖ ሜትር ከፍታ ላይ ይንሳፈፋል። እየሠራ ከጠረጴዛ ከወደቀ ራሱ ሳህኑን ይፍቀዋል። ሲገለብጡ መሬት ላይ ወይም ጠረጴዛው መሐል ይቀመጥ፣ ልጆች ገመዱን እንዳይስቡ። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ላፕቶፕ ባትሪው ሞልቶ ቢገለብጡ ይሻላል፣ ሲጨርሱም «ኢጀክት» ሳይሉ አይንቀሉ፤ ኮምፒዩተሩ ጨርሻለሁ ካለ በኋላ እንኳ ጥቂት ያልጻፈው ሊኖር ይችላል። ከዚያ ይንቀሉና ያስቀምጡት። ሜይ 12 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የመሰለ ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ሲገባ የተሰካውን ዲስክ ሁሉ አብሮ ይቆልፋል።

በፎቶ ሥራ የታወቀው አሜሪካዊ ፒተር ክሮግ ስለ ዲጂታል ፎቶ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ ያስተዋወቀው ደንብ 3-2-1 ይባላል፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። እንደ እኔ ከሦስቱ ቁጥሮች የምንዘነጋው የመጨረሻውን ነው። ሌባ ላፕቶፑን ሲወስድ አጠገቡ ያለውን ዲስክ አይተውም፤ እሳትም አይመርጥም። ማርች 10 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ኦቪኤች የተባለው ኩባንያ ዳታ ማዕከል ሲቃጠል፣ ባክአፓቸው እዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም አጡ። በተቃራኒው፣ በ1998 እ.ኤ.አ. ፒክሳር በተባለው የፊልም ኩባንያ ውስጥ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ የ«ቶይ ስቶሪ 2»ን አብዛኛውን ፋይል ሰርዞ፣ ባክአፑም እንደማይሠራ ሲታወቅ፣ ፋይሎቹ የተገኙት ጌሊን ሳስማን ከተባለች የፊልሙ ባለሙያ ቤት ነው፤ ልጅ ወልዳ ከቤት ትሠራ ስለነበር ኮምፒዩተሯ ላይ ቅጂ ነበራት።

ከቤት ውጭ የሚቀመጠው ቅጂ በኢንተርኔት ይሁን ማለት ይቀናናል። ለእኛ ቤት ግን ስሌቱ ሌላ ነው። በሰከንድ 5 ሜጋ ቢት በሚልክ መስመር 50 ጊጋ ፎቶ ለመላክ ከ22 ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ መስመሩ ካልተቋረጠ። የሞባይል ዳታ ለሚገዛ ሰው ደግሞ ወጪው አለ። ስለዚህ የምመክረው ከፋፍሎ ማስቀመጥ ነው። ካርታው፣ የልደት ካርዱ፣ ዲግሪው፣ ፓስፖርቱ ጥቂት ሜጋ ባይት ስለሆኑ በኢንተርኔት ይቀመጡ፣ በጥሩ ፓስዎርድ። ፎቶና ቪዲዮው ሁለት ዲስክ ላይ ይገልበጥ፤ አንዱ እርስዎ ቤት፣ ሌላው እህትዎ ወይም ወንድምዎ ቤት ይቀመጥ። በበዓል ስትጠያየቁ ዲስኮቹን መለዋወጥ ነው፦ የቤቱ አዲስ ፎቶ ተጨምሮበት ይሄዳል፣ የሄደው ይመለሳል። ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ሲመጣ ደግሞ አንድ ዲስክ ይዞ ይመለስ፤ ቤተሰቡም ፎቶውን ያያል። ምስጢር ያለበት ከሆነ ቬራክሪፕት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ተቆልፎ ይሂድ።

ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ አያስተማምንም። ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ዋና ዳታቤዙን በስህተት ሲሰርዝ የነበሩት አምስት የባክአፕ መንገዶች ወይ አልሠሩም ወይ መጀመሪያውኑ በወጉ አልተዘጋጁም ነበር፤ ያተረፈው አንድ ሠራተኛ ከስድስት ሰዓት ቀደም ብሎ በእጁ ያነሣው ቅጂ ነው። ቤት ውስጥ ፍተሻው ቀላል ነው፦ ዲስኩን በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ይሰኩና አንድ የቆየ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ይዩበት።

የቀረው የቁልፍ ነገር ነው። ጎግል ማረጋገጫ ኮድ የሚልከው ወደ ስልክ ቁጥርዎ ከሆነና ቁጥሩ ከተቋረጠ፣ ፎቶው ደህና ሆኖ በሩ ይዘጋል። አካውንቱ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ባለ 8 አሃዝ የሆኑትን 10 መጠባበቂያ ኮዶች ያውጡ፣ ወረቀት ላይ ይጻፉና ከቤቱ ካርታ ጋር ያስቀምጡ። እዚያው «ኢንአክቲቭ አካውንት ማናጀር» የሚል አለ፤ ከ3 እስከ 18 ወር ድረስ አካውንቱን ካልከፈቱ ፎቶዎን ማን እንዲወስድ እንደሚፈልጉ እስከ 10 ሰው ድረስ ያስመዘግባል። የትዳር ጓደኛዎን ወይም የመጀመሪያ ልጅዎን ያስገቡ፣ ማስገባትዎንም ይንገሯቸው።