ሞዴል 19 ላይ የማይገኘው ንብረት

በኮሌጃችን የኮምፒውተር ክፍል ያሉትን ማሽኖች ልብ ብሎ ያየ ሰው በእያንዳንዳቸው ጎን በማርከር የተጻፈ ቁጥር አያጣም። የንብረት መለያ ነው። ዕቃው ሲመጣ በሞዴል 19 ገቢ ሆኗል፣ ከንብረት ክፍል ሲወጣ ደግሞ በሞዴል 22 ተፈርሞበታል። ማውስ እንኳ ቢጠፋ የሚጠየቅ ሰው አለ። ማሽኑ ውስጥ ላለው ዊንዶውስ ወይም ለቪዲዮ ማቀናበሪያው ግን ማን ፈረመ? በዚህ አጭር ጽሑፍ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሩንና ሶፍትዌሩን እንዴት እንደሚያስተዳድር፣ በተለይም ኮምፒውተር በኪራይ ሲመጣ ምን እንደሚከተል በአቅሜ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ለመሆኑ ላይሰንስ ምንድን ነው? ሶፍትዌር ገዛን ስንል በአብዛኛው የገዛነው ፕሮግራሙን ሳይሆን የመጠቀም ፈቃዱን ነው። ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ተጭኖ የሚመጣው ዊንዶውስ በተለምዶ ከዚያው ማሽን ጋር የታሰረ ነው፤ ማሽኑ ሲሞት ፈቃዱም አብሮ ይሞታል። እንደ አዶቤ ያሉት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ወደ ደንበኝነት ክፍያ ዞረዋል፤ ክፍያው ሲቆም ፕሮግራሙም ይቆማል። ብዙ ማሽን ያለው ተቋም በጅምላ ፈቃድ ይገዛና አንድ ሰርቨር ሁሉንም እንዲያረጋግጥ ያደርጋል። ማይክሮሶፍት ኬኤምኤስ በሚለው አሠራር ሰርቨሩ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ማረጋገጥ የሚጀምረው ቢያንስ 25 ማሽኖች ሲጠይቁት ነው፤ ማረጋገጫው ደግሞ ለ180 ቀን ብቻ ይሠራል። በኮቪድ ጊዜ እንደሆነው አንድ ላብ ከስድስት ወር በላይ ተዘግቶ ቢቆይ፣ ማሽኖቹ ሰርቨሩን እስኪያገኙ ድረስ «ዊንዶውስን አክቲቬት አድርግ» እያሉ ይቆያሉ። ሁልጊዜ ተሰርቋል ማለት አይደለም እንግዲህ።

አሁን ወደ ኪራዩ እንምጣ። የአገራችን የካፒታል ዕቃ ኪራይ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 103/1990 እና ማሻሻያው 807/2005፣ ዕቃን ተከራይቶ መሥራትን ከጀመረ ቆይቷል። ኮምፒውተርን መከራየት ለትልቅ መሥሪያ ቤት የሚያጓጓው ማሽን ቶሎ ስለሚያረጅ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ አሮጌ ማሽኖችን አይቀበልም። የገዛ ሰው አሮጌውን ታቅፎ ይቀራል፤ የተከራየ በውሉ ማብቂያ ይመልሳል።

ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። እኛ አዊዎች በፈረስ ስለምንታወቅ በፈረስ ላስረዳ፦ ፈረሱን ያከራየህ ሰው ኮርቻው የጎረቤቱ ሊሆን ይችላል። የማይክሮሶፍት መደበኛ ፈቃድ ዊንዶውስና ኦፊስ የተጫነበትን ማሽን ለሌላ ማከራየትን አይጨምርም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2010 ለኢንተርኔት ካፌዎችና ለአከራዮች የሚሆን ተጨማሪ የማከራየት ፈቃድ ያወጣው ለዚህ ነው። ስለዚህ የኪራይ ውል ላይ «ኮምፒውተር ከነሶፍትዌሩ» ተብሎ መጻፉ አይበቃም። ፈቃዱ በማን ስም ነው? ማሽኑ ሲመለስ ከማን ጋር ይቀራል? ማሽኑ ቢበላሽና ቢቀየር ወደ አዲሱ ይዛወራል ወይ? ተብሎ መጠየቅ አለበት።

«ታዲያ ማን ይከፍላል? ፍላሽ ይዞ ሄዶ ፎርማት ማስደረግ ነው» የሚል አይጠፋም። ቆሰበር ውስጥም ሆነ ሌላ ቦታ የምንሰማው ይህንኑ ነው። የላባችንን ቴክኒሻን «ጋሼ፣ ክራክ ቢጫን ምን ችግር አለው?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «ችግሩ የሚመጣው የጫነው ሰው ከሄደ በኋላ ነው» አለኝ። በሕግ በኩል አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ሁሉ የቅጂ መብት ጥበቃ ያለው ሥራ ያደርገዋል። ከሕጉ ውጪም ቢሆን በክራክ የሚሠራ ማሽን ብዙ ጊዜ ማሻሻያው ተዘግቶበት ይቀመጣል። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያዳርስ ማይክሮሶፍት መድኃኒቱን ካወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር፤ የተጠቁት ማሻሻያውን ያልጫኑት ናቸው። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ቀጠሮ ሰርዘዋል።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ግን ከሁሉ የሚቀርበን የፊደሉ ጉዳይ ይመስለኛል። ግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ኒያላ የተባለው ፊደልም ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 መጣ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ቢሮዎች የሚጽፉት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዡዋል ግዕዝ ባሉ የራሳቸው ኮድ ባላቸው ፊደሎች ነበር። በእነዚያ የተጻፈ ደብዳቤ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ይሆናል። አንድ መሥሪያ ቤት የአሥር ዓመት ቃለ ጉባኤው ያለው በዚህ መልክ ከሆነ፣ ማኅደሩ የሚነበበው ፕሮግራሙ ያለበት ማሽን በሕይወት እስካለ ድረስ ነው። ማሽኑ ሲወገድ ወይም ለአከራዩ ሲመለስ ሞዴል ላይ የሚጻፈው «አንድ ኮምፒውተር» ብቻ ነው።

ገንዘብ ለሌለው ተቋም መንገድ የለም ማለት አይደለም። ሊብሬ ኦፊስ ለደብዳቤም ለሠንጠረዥም ይበቃል፤ አማርኛ ለመጻፍ ኪማን በነጻ ይገኛል፤ ለቪዲዮ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻ እትም አለው፣ ምንም እንኳ ጠንከር ያለ ማሽን ቢፈልግም። ፈቃድ የሚገዛውም የማይገዛውም ግን አንድ መዝገብ ያስፈልገዋል፦ የትኛው ፕሮግራም፣ በየትኛው መለያ ቁጥር ማሽን ላይ፣ በማን ስም፣ እስከ መቼ። በእኛ ክፍል አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ከመመለሳቸው በፊት በድሮው ፊደል የተጻፉት ፋይሎች ወደ ዩኒኮድ ይለወጡ ቢባል፣ እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ለመሥራት ፈቃደኛ ነኝ።